የብርቅዬ ሦስተኛ ብርጭቆ

በጉዳዩ የተያዘው ገንዘብ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ነው። የጊምቢቹ ሽማግሌዎች ለሲላስ ደም የቆረጡት ካሳ ይህ ነበር።

ሲላስ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ወደ ጊምቢቹ ሲመጣ ሆሳዕና ላይ አንድ ሆቴል አደረ። በሆቴሉ ቡና ቤት ሦስት ብርጭቆ ተኪላ ጠጥቶ ክፍል ሰባት ገባ። በማግስቱ ዓይኑ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ "የተበላሸ መጠጥ ነው" አለ። ሽማግሌዎቹም፣ መጠጡ ከቡና ቤቱ መውጣቱ ከታወቀ የሆቴሉ ባለቤት ትክፈል፣ ካልታወቀ ስሟ ይጽዳ ብለው፣ ለሟቹ ታላቅ ወንድም ለአሳምነው ማስረጃ እንዲያመጣ እስከ ኅዳር ቀን ሰጡት።

አሳምነው አዲስ አበባ ውስጥ መጠጥ አከፋፋይ ነው። ደረጃ ሲወጣ እንኳ ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ከመጋዘኑ አንድ ጠርሙስ ቢጎድልበት ዋጋውን ከዘበኛው ደመወዝ በሦስት ወር ቆርጧል። መጠጥ ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም። "የምትሸጠውን ከቀመስክ ትርፍህን ጠጣህ" ይላል።

በጥቅምት አጋማሽ አንዲት ቦርሳ ይዞ የሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ወረደ። ሆቴሉ ሲደርስ ክፍል ሰባትን ጠይቆ ያዘ። የማን ወንድም እንደሆነ ለማንም አልተናገረም።

"ለእረፍት ነው የመጣሁት" አላት ብርቅዬን። "ተኪላ መቅመስና ኮክቴል መቀላቀል ታውቂያለሽ አሉኝ። ከፍዬ ልማር።"

ብርቅዬ የሆቴሉ ባለቤት ናት። ጆሃንስበርግ ዘጠኝ ዓመት መጠጥ ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው።

"ጋሼ፣ ሰው ለእረፍት ሐዋሳ ነው የሚሄደው።"

"ሐዋሳ ሰው ይበዛል።"

"እኛ ጋ ደግሞ ጭቃ ይበዛል" ብላ ሳቀች። አሳምነው ጉሮሮውን ሲጠራርግ ግን ሳቋ ተቋረጠ። እጇ ብርጭቆ እንደያዘ ቆመ።

ባንኮኒው ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደረች። ሰዎቹ ሁለት ነበሩ።

አሳምነው ሦስተኛው የማን እንደሆነ አልጠየቀም። በየቀኑ ይሞላል፤ የሚጠጣው የለም፤ በማግስቱ ደጃፍ ላይ ይደፋል። ከብርጭቆው ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው። አሳምነው ግን እግሩን ወደዚያ አይዘረጋም።

ትምህርቱ ከአፍንጫ ጀመረ።

"ተኪላ ቃጫ ከሚመስል ተክል ነው የሚወጣው" አለች ብርቅዬ። "ግንዱን ጉድጓድ ውስጥ ያበስሉታል። እስቲ ያሽትቱት። ምን ይሸታል?"

"አሚቾ" አለ አሳምነው ሳያስበው። ልጅ ሳለ እናቱ የምትቀቅለው የእንሰት ሥር ትዝ ብሎት ነበር።

"የአዲስ አበባ ሰው አሚቾን ከየት አወቀው?"

"በልቼ አውቃለሁ።"

"እንግዲህ ይህን ሽታ ይያዙ። አሚቾ አሚቾ ካላለ ሐሰተኛ ነው።"

ለእሱ ከመቅዳቷ በፊት ሁልጊዜ ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። ሳይቀምሱ ለእንግዳ አይሰጥም። አሳምነው ይህንንም ቆጠረ፤ በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ ቀምሳለች።

በሁለተኛው ቀን ሎሚ፣ ማርና ዝንጅብል መቀላቀል አስተማረችው። በብርጭቆው አፍ ላይ በጨው ፋንታ ሚጥሚጣ ቀባችለት። አስነጠሰው።

"ፈረንጅ ቢሆኑ ኖሮ ለዚህ እጥፍ አስከፍልዎት ነበር" አለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ላላ። አሳምነው ሥራ ፈት እጅ አይወድም፤ ነጭ ፕላስተር ተቀብሎ አንገቱን ጠመጠመለት። ሲላጥ ጥፍር እንዲያገኘው ጫፉን እንደ ጥጃ ጆሮ አጠፈው። ብርቅዬ ጠርሙሱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ባዶውን ምን ታደርጊዋለሽ?" አላት።

"ነጋዴዎች ከአዲስ አበባ እየመጡ ይገዙኛል። አንዱን በስድሳ።"

"ስድሳ በዛ። ሃምሳ ይበቃዋል።"

በአምስት ቀን መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ቀመሰ። አሥራ አራት ጠርሙስ። ሁሉም አሚቾ አሚቾ አለው።

የቀረው ከባንኮኒው ሥር ያለው ቁም ሳጥን ነበር። ቁልፉ ከብርቅዬ አንገት አይወርድም።

"እዚያ ውስጥ ምን አለ?"

"የማይሸጥ" አለች። ፊቷ ጠቆረ።

አሳምነው ያን ዕለት የአራት መቶ ሰማንያ ሺው ብር መንገድ የታየው መሰለው።

በስድስተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ሲላስ ወንድሜ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች። "ገና ጉሮሮዎን ሲጠራርጉ ነው ያወቅሁት። እሱ በድንገት ከኋላዬ የመጣ መስሎኝ ነበር።"

"እንግዲያው ቁም ሳጥኑን ክፈቺ።"

ከአንገቷ ቁልፉን አወጣች። ሩብ ያህል የቀረባት የተኪላ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ክዳኑን ከፍታ ቀዳችለት። በመዳፏ አላፈሰሰችም፤ አልቀመሰችም።

"እንዳይጠጡት" አለች። "ያሽትቱት ብቻ።"

አሸተተ። አሚቾ የለም። የመርፌ ቤት አልኮል ሽታ ብቻ አፍንጫውን ወጋው።

"ይቺ ናት!" ብሎ ተነሳ። "ወንድሜን የገደለችው ይቺ ናት! ከገዛ ቁም ሳጥንሽ ነው የወጣችው!"

"እሷ ናት። ከእኔ መደርደሪያ ግን አይደለችም። ባለፈው ወር ክፍል ሰባትን ቀለም ሳስቀባ ከልብስ ሳጥኑ ጀርባ ተወትፋ አገኘኋት። ሲላስ በቦርሳው ይዟት መጥቶ ነው።" ብርቅዬ ሦስተኛውን ብርጭቆ ወደ ባዶው ወንበር ገፋ አደረገችው። "ከየት እንዳመጣት አላውቅም ነበር። አንገቷን ይዩት፣ ጋሼ።"

አንገቷ ላይ ግማሹ የተላጠ ነጭ ፕላስተር ነበር። ጫፉ እንደ ጥጃ ጆሮ ታጥፏል።

አሳምነው ከመጋዘኑ የጎደለችበትን ጠርሙስ በልቡ ቆጠረ፤ ባዶ ጠርሙስ ሃምሳ ብር፣ አልኮል ሁለት መቶ፣ ቀለም አምስት፣ ፕላስተር ሁለት፤ ዋጋዋንም ከነትርፏ ከዘበኛው ደመወዝ ቆርጦ ጨርሷል።