አንድ ያንተ፣ አንድ የኔ

«ደግሞ መጣ!» አለ ቀጂው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

እሱ የመረጠው ባለ ሳክስፎኑን ዘፈን ነበር። ኮምፒውተሩ ያንን ጨርሶ፣ ማንም ያላዘዘውን የአንዲት ሴት ዘፈን ጀመረ። አጠፋውና የራሱን ሌላ ዘፈን አስገባ። ወዲያው «ቀጣይ» ከሚለው ሥር ሌላ ያላዘዘው ዘፈን መጥቶ ቁጭ አለ።

እናቱ ከአልጋው ላይ ቀና አለች። «ምነው አጠፋሃት? ደህና እየዘፈነች።»

«እኔ አላመጣኋትማ፣ እማዬ! ይሄ መሣሪያ ነው። ገና በመጀመሪያ ቀኑ ልቡ አብጧል።»

እናቱ ነገ ጠዋት ትሄዳለች። ሻንጣዋ ታስሮ ከአልጋው ግርጌ ቆሟል፤ ነጠላ ጫማዋ ሳይቀር ውስጡ ገብቷል። ቀጂውና ታናሽ ወንድሙ ተኮራርፈው የአባታቸውን ቤት መሐል ለመሐል በግንብ ከከፈሉት ሁለት ዓመት ሆነ። እሷም ሁለት ሳምንት እዚህ፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ስትንከራተት ከረመች። ባለፈው ወር ግን «በቃኝ» አለች። «ይሄ ቤት ሰው ያለበት አይመስልም። ሴቷ ልጄ ጋ ሄጄ የልጅ ልጆቼን ጫጫታ ልስማ።» ሴቷ ልጅ ያለችው ሩቅ ነው። እናቱ ከሄደች እንደማትመለስ ቀጂው ያውቃል።

ጸጥታው ከሆነ ያስመረራት፣ ቤቱን በዘፈን ሊሞላው ቆረጠ። ወንድማማቾቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ካሴት የሚቀዱበት ሙዚቃ ቤት ነበራቸው፤ ሰፈሩ ዛሬም «ቀጂው» የሚለው ለዚህ ነው። ሙዚቃ ቤቱ ሲዘጋ «ባንተ ነው!» «የለም፣ ባንተ ነው!» ተባባሉ። ግንቡም የመጣው ከዚያ ነው። ዕቃ ሲካፈሉ ካሴቶቹ ለቀጂው፣ መቅጃ ቴፑ ለታናሹ ደረሰ። ካሴት ያለ ቴፕ፣ ቴፕም ያለ ካሴት ምን ሊረባ! ግን አንዳቸውም ግንቡን ዞሮ «አውሰኝ» አላለም።

ቀጂው ከጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ቴፕ ተውሶ፣ ካሴቶቹን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ ወደ አሮጌ ኮምፒውተር ገለበጠ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዛሬ ረፋድ ላይ መጥቶ ፕሮግራም ጫነለት። ዘፈኖቹ እዚያው ይቀመጣሉ፤ ሰው በስልኩ ገጹን ከፍቶ የወደደውን ይመርጣል፤ የተመረጠው ወረፋውን ጠብቆ በትልቁ ስፒከር ይወጣል።

«ሰርቨር ሆነ ማለት ነው» አለ ጠጋኙ። «ስም ይስጡት። በእርስዎ ዋይፋይ የሚጠቀም ሁሉ ያየዋል። ፓስወርድም ያድርጉበት።»

ቀጂው በስሙ ቦታ የሙዚቃ ቤቱን ስም፣ በፓስወርዱ ቦታ የሙዚቃ ቤቱን የድሮ ስልክ ቁጥር ጻፈ። ሌላ ነገር አልመጣለትም።

አሁን ለጠጋኙ ደወለ። «ስማ፣ ይሄ ነገርህ እየቀለደብኝ ነው። ያላልኩትን ይዘፍናል።»

«አይችልም፣ ጋሼ። ሰው ካልመረጠለት ዝም ነው የሚለው።»

«ያለነው እኔና እናቴ ነን። እሷ ስልክ የላትም።»

«እስኪ አጥፍተው ያብሩት።»

አጠፋው፤ አበራው። ገመዱንም ነቅሎ አገላብጦ አየው፤ ከገመዱ ምን እንደሚፈልግ ግን ራሱም አያውቅም። ከዚያ ቤት የሚያነቃንቅ የጭፈራ ዘፈን መረጠ። ከሥሩ ወዲያው አንድ ለስላሳ ዘፈን ወረፋ ያዘ።

ቀጂው ሊያጠፋው የዘረጋው ጣት አየር ላይ ቀረ። ይህን ቅደም ተከተል ጆሮው ያውቀዋል። ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ መጥቶ «ደስ ያላችሁን ቅዱልኝ» ሲላቸው፣ ሁለቱ ተራ በተራ ነበር የሚመርጡት፤ አንድ ያንተ፣ አንድ የኔ። እሱ የጭፈራ ካስገባ ታናሹ ሁልጊዜ ለስላሳ ያስከትላል። «ሰው ይረፍበት እንጂ!» ይል ነበር።

ቀጂው ወደ ግንቡ ዞረ። ቤቱን ሲከፍሉ ውሃውን ለይተዋል፤ መብራቱን ለይተዋል፤ የልብስ ማስጫውን ገመድ እንኳ ለሁለት በጥሰውታል። የኢንተርኔቱን መስመር ግን ማን ቀድሞ ይቁረጠው በሚል እልህ እንዳለ ትተውት፣ ዛሬም ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ነው የሚጠቀሙት። የሙዚቃ ቤቱን ስልክ ቁጥር ደግሞ ታናሹም በቃሉ ያውቀዋል።

«ገና አሁን ገባህ?» አለች እናቱ።

«ስፒከሩ ያለው እኛ ጋ ነው። መርጦስ በምኑ ይሰማዋል?»

«በግንቡ ነዋ። ሌላ በምን ይሰማል?»

የጭፈራው አለቀ፤ ለስላሳውም ቀጠለ። ከ«ቀጣይ» ሥር ባዶ ነው። ተራው የቀጂው ነው። ከካሴቶቹ መሐል ታናሹ ሃያ ዓመት ሙሉ «ይቺን እናስገባ» ሲለው «ደንበኛ ታባርራለች» እያለ የከለከለው ዘፈን አለ። ፈልጎ አገኘውና ተጫነው። ከዚያም ተነስቶ ከባዱን ስፒከር እየጎተተ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረው።

«ምነው አዞርከው? እኔ ምን ልስማ ነው?» አለች እናቱ። ያቺ ዘፈን ጀመረች። ከግንቡ ወዲያ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ወደዚህ፣ ወደ ግድግዳው እየቀረበ።

«እንዲያው ተወው» አለች። «ይልቅ ነጠላ ጫማዬን ከሻንጣው አውጣልኝ።»

ቀጂው ተንበርክኮ ሻንጣውን ፈታ። ነጠላ ጫማው ከሁሉም በታች ነበር፤ ሁሉንም ማውጣት ነበረበት።