የተጠረገችው ማርስ

እንግዳ ሲመጣ ግቢ ይጠረጋል። ስለዚህ ወጣቷ መሐንዲስ የውድድሩ ዳኞች ከመድረሳቸው በፊት ማርስን ጠረገች። ማርስ ማለት ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ የተነጠፈ ቀይ አሸዋ ነው። ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅማ፣ አሸዋውን እንደተተኮሰ አንሶላ ልሙጥ አደረገችው።

"ሁለቱ ካሜራዎች ዓይኖቿ ናቸው" አለች ለዳኞቹ የሠራቻትን የማርስ ተሽከርካሪ እያሳየች፣ ደስታው ምላሷን እያደናቀፈው። "አንዱን ጠጠር ሁለቱም ያዩታል። የሁለቱን ምስል ልዩነት አይታ ርቀቱን ታሰላለች፤ መንገዷን ራሷ ትመርጣለች። ርቀቱን ያላወቀችውን መሬት ግን ብትሞት አትረግጥም!"

ቁልፉን ተጫነች። ባለስድስት ጎማዋ ተሽከርካሪ አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፣ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ከዚያ ንቅንቅ አልልም አለች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ልጅቷ ልሙጡን አሸዋ አየችና ክው አለች። ካሜራዎቹ የሚያነጻጽሩት አንዲት ጠጠር እንኳ አላስቀረችም።

ሊያዩዋት የመጡት እናቷ ግን ትርኢቱ መቆሙ ራሱ መሰላቸው።

"እሰይ! እንዴት ቀጥ ብላ ቆመች! እልልልል!" ብለው ከሰፌዳቸው ፈንዲሻ ዘግነው ሜዳው ላይ በተኑ።

"ኧረ እማዬ! ፈተና ላይ ነን!"

ተሽከርካሪዋ አንገቷን ደፋ አድርጋ ፈንዲሻውን አየችው። ጎማዎቿ ዞሩ። ሄደች! ልጅቷ እየዘለለች ጮኸች፤ እናቷም እልልታውን አቀለጡት። ፈንዲሻው ያለቀበት ቦታ ስትደርስ ግን ተሽከርካሪዋ እንደገና ቀጥ አለች።

እልልታውም ተቋረጠ። ኮስታራው ሰብሳቢ ወደ እናትየው ሄደው እጃቸውን ሰፌዱ ውስጥ ከተቱ።

"እልልታውን ምን አቋረጠው፣ እማማ?" አሉና፣ በእፍኛቸው ሙሉ ዘግነው ከተሽከርካሪዋ ፊት በተኑት።