የግራ እግር ቀብር

ጀይላን ጉድጓዱ ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ «ይበቃል፣ ጋሽ እንደሻው?» አለ።

«ለሙሉ ሰው እንደሚቆፈረው ቆፍርልኝ» አሉ አቶ እንደሻው ዊልቸራቸው ላይ እንደተቀመጡ።

ጀይላን ልጃቸውን ልደትን ሰረቅ አድርጎ አያት፤ በዓይኗ እሺ አለችው። ጎረቤታቸው ነው፤ ከሆስፒታል በባጃጁ ያመጣቸውም እሱ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ዶማውን እንደገና አነሳ።

በአቡጀዲ የተጠቀለለው የአባቷ ግራ እግር ልደት እቅፍ ውስጥ ነበር። ከብዷታል። ከአራት ቀን በፊት ስኳር ያቆሰለው እግር ከጉልበት በታች ሲቆረጥ እሳቸው ራሳቸውን ስተው ስለነበር፣ ወረቀቱ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። ሲነቁ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «የት አደረሳችሁት?» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን አዙረውባታል።

ጉሙ ከሐኪም ተራራ ላይ ወርዶ የቤተክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶታል። የጽዶቹ ግንድ አይታይም፤ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። የዶማው ድምፅ እንኳ ከሌላ ሰው ሕልም ውስጥ የሚመጣ መሰላት። ቄሱ ቦታውን አጥሩ ጥግ አሳይተው፣ «ፍትሐት ለነፍስ ነው እንጂ ለእግር አይደረግም» ብለው ሄደዋል።

«አባባ» አለች ፈራ ተባ እያለች። «ሆስፒታሉ ቢያቃጥለውም እኮ ለእግዚአብሔር አይጠፋበትም።»

«ሕዝቅኤል ምን አለ?» አሉ ሳያይዋት። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረውን ልጃቸውን የሚፈትኗት ይመስላሉ። «አጥንት ወደ አጥንቱ ቀረበ አላለም? በትንሣኤ ቀን የኔ ጉልበት ወደ ምን ይቅረብ?»

«እሱ ምሳሌ ነው። የእስራኤልን ከምርኮ መመለስ ነው ያየው።»

«ከእኔ ላይ የተቆረጠው ምሳሌ አይደለም፣ ልደት።»

ስሟን ሲጠሩ ከአራት ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። በጨርቁ ውስጥ ተረከዙ ክንዷ ላይ አርፏል። ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የጀጎልን ጠባብ መንገዶች የዞረ እግር ነው፤ በልጅነቷ ላዩ ላይ አቁሞ ያስጨፈራት እግር ነው።

ጀይላን ከጉድጓዱ ወጥቶ ሊቀበላት እጁን ዘረጋላት። «በኛም ይቀበራል» አለ ቀስ ብሎ። «የአባቴን ጣት ወፍጮ ሲቆርጠው፣ ወላሂ፣ በክብር ነው የቀበርነው።»

አልሰጠችውም። ራሷ ወርዳ አስተኛችው፤ ሙሉ ሰው ሲቀበር እንደሚደረገው ጣቶቹን ወደ ምሥራቅ አዞረች።

አፈሩ ሲመለስ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የሕመም ማስታገሻው መርፌ ያደነዝዛቸዋል። ጀይላን የመጨረሻውን አካፋ ሲደፋ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«በረደኝ።»

ልደት ጋቢውን ወደ ትከሻቸው ልትስብ ጎንበስ አለች።

«ትከሻዬን አይደለም። ጣቶቼን።»

እጇን ወደ ቀኝ እግራቸው ሰደደች። ራሳቸውን ነቀነቁና ዓይናቸውን ገልጠው በአገጫቸው የአፈሩን ክምር አሳዩዋት።

ሐኪሙ ነግሯታል፤ የተቆረጠ እግር እንዳለ ሆኖ ይሰማል፣ የነርቭ ነገር ነው ብሏታል። ይህንኑ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ተወችው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፤ ተንበርክካ ክምሩን አለበሰችው።

«ትንሽ ወደ ታች» አሉ አባቷ።

ወደ ታች ሳበችላቸው፤ ጫፉንም ዙሪያውን በእጇ ሸጎጠችው።