የአርባ ቀን መልስ

የሆስፒታሉ በር የሚከፈተው ሲስተሙ «ቤተሰብ ነው» ላለው ሰው ብቻ ነው። ከውጭ የመጣው ሲስተም ደግሞ ቤተሰብን የሚፈልገው በአባት ስም ነው፤ ስለዚህ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት ባዳ ናቸው። ሲስተሙን የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ «ፍለጋው ተሳስቷል፣ ላስተካክለው» ስለው አለቃዬ ምንውየለት፣ «ቅሬታሽን አስገቢ፤ መልሱ በአርባ ቀን ይደርስሻል» አለኝ። እናቴ በዚያው ቀን የያዝኩላትን አጥሚት ሳትቀምስ ከበሩ ማዶ ሞተች። መልሱ ተዝካሯን ስናወጣ ደረሰኝ፤ «ስህተት አልተገኘም» ይላል።

ዛሬ ምንውየለት ፔርሙስ ታቅፎ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሟል። ሚስቱ ውስጥ ተኝታለች።

«እባክሽ እህቴ፣ በሩ ባዳ ነህ አለኝ። የሚስተካከለው አንድ መስመር ብቻ አይደል?»

«አንድ መስመር ነው» አልኩት። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር፤ አነሳሁት።

«ቅሬታዎን ያስገቡ፤ መልሱ በአርባ ቀን ይደርስዎታል።»