የወይዘሮ ትርንጎ ኮምፒውተር

በመሥሪያ ቤቱ ካሉት አሥራ አራት ኮምፒውተሮች አሥራ ሦስቱ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ ተቀይረዋል። የቀረው የጸሐፊዋ የወይዘሮ ትርንጎ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሙሉዓለም ሊቀይረው ሦስት ጊዜ ቢመጣም ሦስቱንም ጊዜ ሰድበው መልሰውታል። ባለፈው ሳምንት በባለጉዳይ ፊት «ሌባ» ስላሉት በጽሑፍ ከሷቸዋል።

ዛሬ ጠዋት አለቃው የፈረሙበትን ትእዛዝ ይዞ ገባ። ወይዘሮ ትርንጎ አለቃው በቃል የነገሯቸውን ደብዳቤ በፍጥነት ይተይባሉ።

«ይነሱልኝ» አላቸው ሰላም እንኳ ሳይል። «ኩባንያው ለዚህ አሮጌ ዊንዶውስ የሚሰጠው ድጋፍ ካበቃ ስድስት ወር አለፈው። ቫይረስ ቢገባበት መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ይዞ ይጠፋል።»

«አልነሳም! እዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የት እንዳለ አውቀዋለሁ። አንተ መጥተህ ልታተራምስብኝ ነው?»

«አዲሱን በሁለት ቀን ይለምዱታል። ካቃተዎት ጡረታ ይውጡ!»

«እናትህ ትውጣ!»

የሙሉዓለም ደም ፈላ። ኮምፒውተሩን በጉልበት ሊያጠፋው ከጠረጴዛው ኋላ ጎንበስ አለና እጁ ላይ የገባውን ገመድ መንጭቆ ነቀለ። የነቀለው ግን የስክሪኑን ነበር። ማሽኑ ማጉረምረሙን ሲቀጥል ስክሪኑ ብቻ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ወይዘሮ ትርንጎ መተየባቸውን አላቆሙም። «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን ጽፈው ጨረሱና ፊታቸው ወደ ጠቆረው ስክሪን እንደዞረ በድል አድራጊነት ፈገግ አሉ።

«ይኸው እየው» አሉት ባዶውን ስክሪን በጣታቸው እያሳዩ፤ «አንዲት ፊደል ተሳስታለች? ምኑ ነው ያረጀው?»