የማይዘጋው ቁም ሣጥን

ደብሪቱ ላሊበላ ፖስታ ቤት በረንዳ ላይ ስትቆም ይህ ስልሳ ሰባተኛ ቅዳሜዋ ነበር። ከይምርሐነ ክርስቶስ ሥር ካለው መንደሯ ስድስት ሰዓት ተጉዛ ትመጣለች፤ የሽቦ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ፖስታ አይታ ትመለሳለች።

ፖስታው ዘማች ልጇ ገብረ መስቀል የላከው ነው። የዘማች ደብዳቤ ሳይመረመር እንዳይሰጥ ካድሬው አራጋው አዟል፤ ካዘዘ ወዲህ ግን የመረመረ የለም። በየወሩ መጥቶ ይቆጥራል ብቻ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። አንድ ከጎደለ ወህኒ የሚወርደው የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ፈንታው ነው።

ፈንታው የሲባጎ ቁራጭ እንኳ ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ሽማግሌ ነው። ደብሪቱ ስትለምነው ቀና አይልም።

ነሐሴ ላይ ለአብዮት በዓል ሃያ አራት ጥቅል መጽሔት መጣና ኮሪደሩን ዘጋ። አራጋው አሮጌው ደብዳቤ ተቃጥሎ ቁም ሣጥኑ ለመጽሔቱ እንዲለቀቅ አዘዘ። ፈንታው እሺ አለ። አንድ ሳምንት ብቻ ጠየቀ፤ መዝግቦ፣ መዝኖ፣ በአገባቡ አሽጎ ለማቅረብ።

በሳምንቱ ደብሪቱ ስትደርስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መጽሔት ተደርድሯል። ሰማያዊው ፖስታ የለም። ግቢው ውስጥ አፉ ተሰፍቶ በሰም የታሸገ ጆንያ ተቀምጧል። ፈንታው አሥራ አንድ ኪሎ መሆኑን አራጋውን አስፈርሞ ክብሪት ጫረ።

ደብሪቱ ከጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አራጋው ይዞት የመጣው ሚሊሻ ተነሺ አላት። አልተነሳችም። ጎትቶ ወሰዳት፤ ተመልሳ እዚያው ተቀመጠች።

«አያ ፈንታው፣ የሚያቃጥሉት የሰው ልጅ ቃል ነው» አለችው።

«ትእዛዝ ነው» አለ።

የቀለም ሽታ ያለው ጥቁር ጭስ ወጣ። አንድ ያረረ ቅዳጅ በርሮ ትከሻዋ ላይ አረፈ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይታለችና አየችው። ረድፉ እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ ፊደሉም ሁሉ አንድ ልክ ነው፤ የልጇ ጽሕፈት ግን እንደ ዳገት መንገድ ይጣመማል። የሌላ እናት ልጅ ነው ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

አራጋው ገብቶ ቁም ሣጥኑን ሊዘጋ ሞከረ። በሩ አልገጥም አለው።

«ያ ሁሉ ደብዳቤ ነዶ ቦታው የት ሄደ?» አለ።

ፈንታው ክረምት ወረቀት ያሳብጣል ብሎ መለሰ። አራጋው አላመነውም። ደብዳቤውን ደብቆ ጆንያው ውስጥ ገለባ ነው የሞላው ብሎ አመዱን በእንጨት አስገለበጠ፤ የወረቀት አመድ ነው። የፈንታውን ቤት አስፈተሸ። አልጋው ተገለበጠ፣ ጎተራው ተራገፈ፤ አንድ ፖስታ አልተገኘም።

አራጋው በንዴት ተመለሰ። «በል ይህን መጽሔት ዛሬውኑ ከዚህ አውጣልኝ። በሚሊሻው በቅሎ ይጫን፤ ለየገበሬ ማኅበሩ ይሂድ።»

«እንዳሉ፣ ጓድ» አለ ፈንታው። የየማኅበሩ ስም በየጥቅሉ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ አሥራ ሁለት ማኅበር፣ ለያንዳንዱ ሁለት ጥቅል። ከቁም ሣጥኑ እያወጣ ሲያስጭን ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ቦታ አገኙ?» አለችው። «ደስ ይበልዎ። እኔ ግን የሚመጣውም ቅዳሜ እመጣለሁ። ባዶውንም ቢሆን አየዋለሁ። እርስዎም ያዩኛል።»

ፈንታው የተረፈውን ሲባጎ በጣቱ እየጠቀለለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«የሰኞው ስብሰባ እንዳይቀርብሽ» አላት። «መጽሔት ይታደላል።»

እግሩ ሥር እንትፍ ብላ ወጣች።

ሰኞ ግን ከገበሬ ማኅበሯ ስብሰባ የቀረ ስለሚቀጣ ሄደች፤ ጀርባዋን ለሊቀ መንበሩ ለከፋለ ሰጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ያን የተቃጠለ ቅዳጅ በጣቷ ትዳስሳለች። ከፋለ ስለ በዓሉ የታዘዘውን ተናገረ፤ ሰው አዛጋ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥቅል ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲባጎውን ፈታ።

የላይኛውን መጽሔት አነሳ፤ ከሥሩ ባለው ሰማያዊ ፖስታ ላይ የተጻፈውን ስም አነበበና «ደብሪቱ» ብሎ ተጣራ።