የሁለት ወታደሮች ስም

የቤት ግድግዳ ከመንግሥት መዝገብ እያነበበ መናገር በጀመረበት ዘመን፣ ጉልላት የሚባል ጡረተኛ ወታደር በገዛ ቤቱ ይርሳው ተብሎ ይጠራ ነበር። የጦር ሜዳ ሐኪም ቤት ስሙን ከሟች ጓደኛው ከይርሳው ስም ጋር አቀያይሮ መዝግቦታል። ሚስቱ በእውነተኛ ስሙ ከጠራችው ግድግዳው "እንግዳ ሰው ገብቷል!" እያለ ስለሚጮህ፣ እሷም ይርሳው ማለትን ለምዳለች።

የይርሳው እናት እማማ ጥሩነሽ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ግድግዳቸው "ልጅዎ በሕይወት አለ" ሲላቸው ኖረዋል። ልጃቸው ተቀይሟቸው የቀረ ይመስላቸዋል። ጉልላትም ለእሳቸው ሲል ስህተቱን ሳያሳርም ቆየ። የገዛ ሴት ልጁ ትምህርት ቤት ገብታ "ሶስና ይርሳው" ተብላ ስትጠራ ግን አልቻለም፤ ስሙ እንዲስተካከል ማመልከቻ ጻፈ።

"ጋሼ፣ ይስተካከላል" አለችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ። "ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የይርሳው ሞት ለእናቱ ይነገራል።"

"ግድግዳው ነው የሚነግራቸው?"

"አዎ።"

ፈረመና እያነከሰ ሮጠ። የእማማ ጥሩነሽ በር ላይ ሲደርስ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። በሩን ደበደበ።

"ማን ልበል?" አሉ ከፍተው።

"ጉልላት ነኝ፣ የይርሳው ጓደኛ።"

"እሱ ልኮህ ነው? አሁንም አኩርፎኛል?"

"አላኮረፈዎትም፣ እማማ። እቅፌ ውስጥ ነው ያረፈው። እስከ መጨረሻው እርስዎን ይጠራ ነበር።"

እማማ ጥሩነሽ መቃኑን ጨብጠው ቆሙ። ከውስጥ ግድግዳው "እናዝናለን፣ ልጅዎ…" ብሎ ጀመረ።

"ዝም በል፤ ሰው ነግሮኛል" አሉት። ከዚያም የጉልላትን እጅ ይዘው አስገቡት። "በል ተቀመጥ። ምን ብሎ እንደጠራኝ ንገረኝ።"